የወይን ክረምት መቀስ ነው

(የመግቢያ ዜማ፤ ዋሽንት፣ ቀስ እያለ ይርቃል)

በዛሬው የትምህርት ሰዓታችን የምንነጋገረው ስለ ሐረገ ወይን ነው፤ ይኸውም የወይን ጠጅ የሚወጣበት ዘለላ በምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚተከል፣ እንደሚገረዝና እንደሚለቀም፣ እንደዚሁም ይህን ሥራ መተዳደሪያው ለማድረግ ያሰበ ሰው ችግኙን ጕድጓድ ከማግባቱ በፊት ምን ምን አስልቶ መነሣት እንደሚገባው ነው። ነገሩም ከባሕር ማዶ የመጣ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ ንግግሬን የምጀምረው እኔው ከምኖርበት ሰፈር፣ ከጀሞ ነው።

ጀሞን ያያችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ሰፈሩ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ እንደ ደን የቆመበት፣ ልጆች ከአፈር ይልቅ በኮብልስቶን ላይ የሚያድጉበት፣ ወይን ጠጅ የሚባለውን ቀለም በስሙ የሚጠሩ ሕፃናት የወይንን ተክል ግን በዓይናቸው ሳያዩ ትምህርት ቤት የሚገቡበት ቦታ ነው። ሆኖም በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ በተረፈችው ጥቂት አፈር ላይ ከጎመንና ከጤና አዳም ጋር አንዲት ወይን ተክለዋል፤ ቁራጯንም ከዓመታት በፊት ከዘመድ ግቢ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሲያመጧት፣ ዘለላዋን አድርቀው ዘቢቡን በገዛ እጃቸው ለጀሞ ሚካኤል ሊያገቡ ተስለው ነበር። ካቻምና በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይ ብቅ ባለችበት አንድ ከሰዓት በኋላ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ አንተ በሬዲዮ ስለ እርሻ ታስተምራለህ ይሉኛል፤ ይህች ወይን ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ነው የምታሳየኝ። መካን ናት መሰለኝ። ልንቀላት ወይስ ደግሞ ልታገሣት?» አሉኝ።

ቀና ብዬ ባያት፣ ሐረጉ ከምድር ቤቱ መስኮት ተነሥቶ፣ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ፎቅ በረንዳ ተሻግሮ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከዲሽ ሳሕን ጋር ተጠምጥሟል። «እማማ፣ ተቈርጣ ታውቃለች?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኧረ እንዴት አድርጎ አንጀቴ ይችላል!» ሲሉ መለሱልኝ። እኔም የእማማ ወይን መካን አለመሆኗን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ የጐደላት ክረምት ነበር።

«ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ከርሞ እንዴት ክረምት ጐደላት ትላለህ?» እንደምትሉኝ ዐውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድመን ቃሉን እንፍታው። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ተከፍሎ፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ፣ በግእዙም ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ደግሞ ክረምት ይባላል፤ የእኛ ክረምት እንግዲህ ዘር የሚበቅልበት፣ ምድር በልምላሜ የምትሸፈንበት የዝናብ ወራት ነው። ከፈረንጅ ቋንቋ መጻሕፍትን የመለሱ ሰዎች ግን የአውሮፓን የውርጭና የበረዶ ወራት በዚሁ በክረምት ስም ስለ ተረጐሙት፣ አንባቢው ጠባያቸው የተቃረነ ሁለት ወራትን ባንድ ስም መጥራት ለመደ፤ የእነርሱ ክረምት ለተክል የእንቅልፍ ጊዜ ሲሆን የእኛው የንቃት ጊዜ ነውና። የወይን ተክልን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው በአገራችን መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወይን በተፈጥሮዋ ያን የብርዱን እንቅልፍ የለመደች ተክል ናት። በዓለም ላይ በወይን ጠጃቸው የታወቁት አገሮች አብዛኞቹ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜንም ሆነ በስተ ደቡብ ከ30ኛው እስከ 50ኛው ዲግሪ መካከል ይገኛሉ፤ በእነዚያም አገሮች ውርጩ ሲመጣ ሐረጉ ቅጠሉን አራግፎ፣ በሙቀቱ ወራት ያዘጋጀውን ምግብ በግንዱና በሥሩ ጎተራ አስቀምጦ ይተኛል፤ ብርዱም ባለፈ ጊዜ ዐይኖቹ ሁሉ፣ ደወል እንደ ሰማ የገዳም ማኅበር፣ በአንድነት ይነሣሉ። ኢትዮጵያ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3ኛው እስከ 15ኛው ዲግሪ ገደማ ያለች አገር በመሆኗ፣ ደጋዋ ቢቀዘቅዝም እንኳ ወይንን የሚያስተኛ ያህል ረጅም ብርድ የላትም። ስለዚህም የእኛ ወይን ሳታርፍ ዓመቱን ሙሉ ታድጋለች፤ ከሐረጉ ጫፍ ላይ ያለችው ዐይን ወደ ታች የምትልከው ሆርሞን የሚባል ቅመም ከበታቿ ያሉትን እንዳይነቁ ስለሚይዛቸው፣ ጫፉ ብቻ እየሮጠ የቀረው እያንቀላፋ፣ ተክሏ ቁመት እንጂ ፍሬ አታተርፍም። የእማማ ወይን ሦስተኛ ፎቅ የወጣችው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ብርዱ ያልሠራውን ሥራ የሰው እጅ ሊሠራው ግድ ይሆናል። ዐዋቂው ገበሬ መጀመሪያ የመስኖውን ውኃ ቀንሶ ተክሏን ጥቂት ያስጠማታል፤ በዚህም እድገቷ ይገታል፣ ቅጠሏም ይደክማል። ከዚያ በኋላ በተሳለ መቀስ ረጃጅሞቹን ሐረጎች ይገርዝና በእያንዳንዱ ላይ እንደ ዝርያው ጠባይ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ዐይኖችን ብቻ ያስቀራል። ጫፉ ሲወገድ ከላይ ሲወርድ የነበረው ትእዛዝ ይቋረጣል፤ በሥርና በግንድ የተከማቸውም ምግብ ወደ ቀሩት ጥቂት ዐይኖች ይሮጣል። በትልልቅ እርሻዎች ዐይኖቹ ባንድነት እንዲነቁ የሚቀባ ኬሚካል ቢኖርም፣ ለሰው አካል መርዝ ስለሆነ ከሠለጠነ ባለሙያ እጅ መውጣት የለበትም። እንዲህ ሆኖ በእኛ አገር ለወይን ክረምቷ መቀስ ነው፤ ክረምቱ የሚገባበትንም ቀን የሚወስነው ሰማዩ ሳይሆን መቀሱን የያዘው ሰው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምሥጢር ግን ያለው በዐይኗ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ዘለላ የሚፈጠረው ሐረጉ ካበበ በኋላ ይመስለዋል፤ የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት በማጉያ መነጽር መርምረው ያገኙት ግን፣ የሚመጣው መከር ዘለላ መሠረቱ የሚጣለው ገና ከአንድ የዕድገት ዘመን በፊት፣ በዚያች ገብስ በምታህል ዐይን ውስጥ መሆኑን ነው። ደግሞም የዘለላውና ወይን እየተጠመጠመች የምትወጣበት የቀጭኑ ክር መነሻ አንድ ዓይነት ነው፤ ያች ቅንጣት ብርሃንና ሙቀት ካገኘች ዘለላ ትሆናለች፣ በጥላ ውስጥ ከቀረች ግን መጠምጠሚያ ክር ሆና ትቀራለች። አስተውሉ፤ በጥላ ያለች ወይን ፍሬዋን ትታ መወጣጫ ገመድ ትሠራለች፣ ብርሃን ያገኘች ወይን ደግሞ መውጣቷን ትታ ታፈራለች ማለት ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ማሳሳት፣ ሐረጉን በሽቦ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ እንዲያየው ማድረግ ለዓይን ውበት የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ የሚመጣውን ዓመት መከር አሁኑኑ መዝራት ነው። በዮሐንስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ፣ የሚያፈራው ቅርንጫፍ ራሱ አብዝቶ እንዲያፈራ እንደሚጠራ የተነገረው ምሳሌ፣ ወይን አትክልተኞች ሲሠሩ እያየ ላደገ ሰሚ ምን ያህል ግልጽ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

(አጭር ዜማ፤ በገና)

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ወይን ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለችም። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ገደማ በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የነጋዴዎች መምሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ ወደ አክሱም መንግሥት ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ ይቈጥራል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከደረቀ ዘለላ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ጽፎልናል፤ ይህ ሥርዓት ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን ያለ በመሆኑ፣ ምእመኑ ከዕጣንና ከጧፍ ጋር ዘቢብ ያገባል። ስሙም ራሱ ታሪክ አለው፤ ጠጅ ያለ ተጨማሪ ቃል የማር ጠጅ ሆኖ ቀርቶ፣ የወይኑ ግን ወይን ጠጅ እየተባለ ተቀጥላ ስም ይዟል፤ በማሩ ወንበር አጠገብ በርጩማ እንደ ተሰጠው እንግዳ ማለት ነው።

በፋብሪካ ደረጃ የሚሠራው ወይን ጠጅ በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በልደታ የሚገኘው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ በአምቦ አቅራቢያ ካለችው ከጉደር ስሙን ያገኘውን ቀዩን ጉደርን፣ ጣፋጩን አክሱሚትን፣ ነጩን ከሚላን እያወጣ ሦስት የመንግሥት ሥርዓቶችን አልፏል፤ ፋብሪካው በደርግ ጊዜ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቈይቶ፣ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛውሯል። ከገዢዎቹም አንዱ፣ በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጐዱ ወገኖቻችንን ለመርዳት ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ያስተባበረው አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ በሊቀ መንበርነት የሚመራው የመዋዕለ ንዋይ ኩባንያ ነበር፤ በረኀባችን ዘመን ያወቀን ሰው ከትውልድ በኋላ በዘለላችን ገበያ ተመልሶ መምጣቱ ልብ የሚባል ነው። ለዚሁ ፋብሪካ የሚሆነው ወይን ከሚለማባቸው ቦታዎች አንዱ በአርሲ፣ በአዋሽ ሸለቆ ያለው የመርቲ እርሻ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ እርሻ ካስቴል የተባለ ኩባንያ በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያቋቋመው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከፈረንሳይ አገር በመጡ ችግኞች ተጀምሮ፣ ከ100 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ መርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉ ዝርያዎች ተተከሉበት፤ ሪፍት ቫሊና አካሽያ የተባሉት ወይን ጠጆችም በ2006 ዓ.ም. ገደማ ለገበያ ወጡ። በእርሻው ዙሪያ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት ሰፊ ቦይ ተቈፍሯል፤ የፈረንሳዩ የቦርዶ ገበሬ ከወፍ የሚጠብቀውን ዘለላ፣ የዝዋይ ገበሬ ከጉማሬ ይጠብቀዋል።

ከሰፊው አገር ሁሉ ዝዋይ የተመረጠችበት ምክንያት ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። አንደኛ፣ ቦታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል፤ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቊጥር አየሩ በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከፍታው ኬክሮሱ የነፈጋትን ቅዝቃዜ በከፊል ይመልስላታል። የቀኑ ፀሐይ በዘለላው ውስጥ ስኳር ሲያበስል የሌሊቱ ቅዝቃዜ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል፤ ሙቀት ከበዛ በፖም ውስጥ የሚገኘውና ማሊክ የሚባለው አሲድ ተቃጥሎ ያልቅና፣ ጠጁ ጣፋጭ ግን ለዛ የሌለው ይሆናል። ሁለተኛ፣ አፈሯ አሸዋማ በመሆኑ ውኃ አይቋጥርም፤ ወይን እግሯ ርጥብ ሲሆን አትወድም፣ በመጠኑ የተራበች ወይንም ከጠገበችው የተሻለ ዘለላ ትሰጣለች። ሦስተኛ፣ ሐይቁ ለመስኖ ቅርብ ነው። አራተኛ፣ ዝናቧ በአብዛኛው በክረምት ተሰብስቦ ይወርድና፣ ከዚያ በኋላ ረጅም ደረቅ ጊዜ ትሰጣለች።

ይህ አራተኛው የገበሬውን የሥራ ዘመን ቈርጦ የሚሰጥ ነው። ወይን ከገረዛ እስከ ለቀማ እንደ ዝርያዋና እንደ ሙቀቱ ከአራት እስከ አምስት ወር ያህል ትፈጃለች፤ ስለዚህ በመጸው መግቢያ፣ በመስከረም መጨረሻ የተገረዘ ወይን በጥቅምት አብቦ፣ በታኅሣሥ ፍሬው ቀለም መያዝ ጀምሮ፣ በበጋው መካከል ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ ይለቀማል። ሳትተኛ የምታድግ ተክል በመሆኗ በዓመት ሁለት ጊዜ እንድታፈራ ማድረግም ይቻላል፤ ከምድር ወገብ ብዙም በማትርቀው በብራዚል የሳኦ ፍራንሲስኮ ሸለቆ እንዲህ ይሠራል። በእኛ አገር ግን ሁለተኛው መከር ከሐምሌ ዝናብ ጋር ከተገናኘ፣ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ይፈነዳል፣ ሻጋታም ይወርሰዋል፤ በመሆኑም ዐዋቂ ሰው በጸደይ ሁለተኛ ገረዛ ቢያደርግ እንኳ ዓላማው ፍሬ ሳይሆን፣ ለመስከረሙ ገረዛ የሚሆኑ ጠንካራ ሐረጎችን ማሳደግ ነው።

የወይን ዋነኛ ጠላት ርጥበት የሚወልደው የፈንገስ በሽታ ነው። የዚህ መድኀኒት አገኛኘት ራሱ የሚያስተምር ታሪክ ነው፤ በፈረንሳይ በቦርዶ አገር በመንገድ ዳር ወይን ያላቸው ገበሬዎች፣ አላፊ አግዳሚው ዘለላውን እንዳይሰርቃቸው የመዳብ ጨውና ኖራ በጥብጠው ቅጠሉ ላይ ይረጩ ነበር፤ ሰማያዊውን ያየ ሰው መርዝ መስሎት ይሸሻል። ሚላርዴ የተባለው የዕፀዋት መምህር ግን በመንገድ ዳር ያሉት በሽታው ሳይነካቸው ከውስጥ ያሉት ቅጠላቸው እንደሚረግፍ አስተውሎ፣ ነገሩን መርምሮ በ1885 እ.ኤ.አ. መድኀኒቱን ለዓለም አሳወቀ። ለሌባ የተቀመመው ለበሽታ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ፊሎክሴራ የተባለች ከአሜሪካ የገባች ደቃቅ ተባይ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየመጠጠች ስታጠፋ፣ መዳኛው የተገኘው ተባይዋን በለመደው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአውሮፓን ሐረግ በማጣበቅ ነበር። እስከ ዛሬም ጥሩ ችግኝ የሚባለው ከሁለት አካል አንድ የሆነው ነው፤ ችግኝ ከዘመድ ግቢ ቈርጦ ማምጣት ለፍቅር እንጂ ለንግድ እንደማይበቃም ከዚህ ይታወቃል።

የለቀማው ቀን የሚወሰነው በአፍና በመሣሪያ ነው። አንዲት የፍሬ ጠብታ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው በእጅ በሚያዝ መነጽር ላይ ጣል ተደርጋ ወደ ብርሃን ስትታይ፣ በመቶ ግራም ጭማቂ ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ ትናገራለች፤ ለወይን ጠጅ ከ20 እስከ 24 ያለው የተለመደ ነው። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር እርሾ ሲበላው ወደ አንድ በመቶ አልኮል ስለሚለወጥ፣ ገበሬው በማሳው ቆሞ የጠጁን ጕልበት አስቀድሞ ያሰላል ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዐዋቂው ፍሬዋን አኝኮ፣ ዘሯ ቡናማ ሆኖ እንደ ሆነ፣ ልጣጯም ምላስን መያዟን ትታ እንደ ለሰለሰች ይመረምራል። የአብዛኞቹ ቀይ ወይኖች ጭማቂ ነጭ መሆኑንም አትርሱ፤ ቀዩ ኅብር የሚገኘው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ነው።

(አጭር ዜማ፤ በገና)

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ጥበብ ያለ ሂሳብ ባለቤቱን ባዶ ቤት ታስቀምጠዋለችና። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በመሥመርና በመሥመር መካከል ሁለት ሜትር ተኩል፣ በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር ብንተው፣ 4,000 ግንድ እንተክላለን። እያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ብቻ ቢሰጠን 8,000 ኪሎ ወይም 80 ኩንታል ይሆናል፤ ከአንድ ኪሎ ወይን 7 ዴሲሊትር ያህል ጠጅ ቢወጣ 5,600 ሊትር፣ በሦስት ሩብ ሊትር ጠርሙስ ሲመነዘር ከ7,400 በላይ ጠርሙስ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ ያማረ ነው፤ ስለዚህ ከመደሰታችን በፊት የወጪውን መዝገብ እንግለጥ።

አራት ሺህ ችግኝ፣ ሐረጉን የሚሸከሙ ምሰሶዎችና ሽቦ፣ የጠብታ መስኖ፣ የጕድጓድ ውኃ ቢሆን ፓምፑ፣ ርጭቱ፣ አጥሩ፣ ጥበቃው፣ የገራዦችና የለቃሚዎች ደመወዝ፣ ይህ ሁሉ የሚወጣው ተክሉ አንድ ብር ሳያስገባ ነው። ወይን ጥቂት ፍሬ የምታሳየው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ፣ ሙሉ ምርት የምትሰጠውም ከአራተኛውና ከአምስተኛው በኋላ በመሆኑ፣ በብድር የተከለ ሰው ወለዱ ከሐረጉ ቀድሞ ያድግበታል። በእነዚህ ዓመታት ትዕግሥት ያጣ ገበሬ ገና በሁለተኛው ዓመት ዘለላ ሊለቅም ሲመኝ፣ ሥሯ ሳይጠነክር ተክሏን ያደክማታል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በደንብ የተያዘ ወይን ሃያ አምስትና ሠላሳ ዓመት ያፈራልና፣ መሬቱን የሚከራይ ሰው የኪራይ ውሉ ከተክሉ ዕድሜ እንዳያጥርበት አስቀድሞ ማየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን «ማን ይገዛኛል?» የሚለው ነው። ስንዴ ወይም ጤፍ ያመረተ ሰው ዋጋው ባይጥመው ጎተራ አስገብቶ ይጠብቃል፤ የወይን ዘለላ ግን ከተቈረጠ በኋላ በሰዓታት የሚቈጠር ዕድሜ ብቻ ስላለው፣ መጭመቂያው ሩቅ ከሆነ በመኪና ላይ መፍላት ይጀምራል። በአገራችን ለጠጅ የሚሆን ወይን በብዛት የሚገዙት ፋብሪካዎች በጣት የሚቈጠሩ በመሆናቸውም፣ ገዢ ሳያገኝ የተከለ ገበሬ ለመደራደር አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር የጽሑፍ ውል ነው፤ በውሉም ውስጥ የዝርያው ስም፣ የሚረከብበት ወራት፣ ዋጋውም በክብደት ብቻ ይሁን ወይስ በስኳሩ መጠን ጭምር መሆኑ መስፈር አለበት። ዋጋው በክብደት ብቻ ከሆነ ገበሬው ለለቀማው ጥቂት ቀን ሲቀረው ውኃ አብዝቶ በማጠጣት ፍሬውን ለማክበድ ይፈተናል፤ ሚዛኑ ከፍ ሲል ጠጁ ይቀጥናል፣ በዓመቱም ገዢው ይጠፋል። ሐቀኝነት እዚህ ላይ የነፍስ ነገር ብቻ አይደለችም፤ የገበያ ስልትም ናት።

አነስተኛ መሬት ያለው ሰው ደግሞ ጠጅ ፋብሪካን ብቻ እንዲያይ አልመክረውም። ለገበታ የሚሆነው ወይን ወደ ፍራፍሬ ቤት ይሄዳል፤ ዘር የሌለው ዝርያ ከአራት ኪሎ ርጥብ ፍሬ አንድ ኪሎ ያህል ዘቢብ ይወጣዋል፤ ቅዳሴ በሚቀደስበት አገር ሁሉ ዘቢብ የሚፈልግ ደጅ አለ። ከበሽታ የጠራ ችግኝ አፍልቶ መሸጥ፣ በገረዛ ሠልጥኖ ለትልልቅ እርሻዎች ባለሙያ ሆኖ መቀጠርም ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። ዕውቀቱን ለሚሻ ወጣት፣ የወይን ዝርያዎችን ሲያጠና የቈየው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ ከመጽሐፍም ከመምህርም የሚበልጠው ግን አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከገረዛ እስከ ለቀማ፣ በአንድ ማሳ ውስጥ እጅን ማስለመድ ነው።

ንግግሬን ወደ ጀመርሁበት ወደ ጀሞ ልመልሰው። እማማን በብዙ ማግባባት አሳምኜ፣ መስቀል ባለፈ ሳምንት መቀስ ይዤ ወረድሁ። ሦስት ፎቅ የወጣው ሐረግ ተቈርጦ ሲወርድ ሙሉ ሸክም ሆነ፤ ከመሬት እስከ ወገብ በማይደርስ ግንድ ላይ ጥቂት ዐይኖች ብቻ ቀሩ። በማግስቱ ጠዋት ደጄ ተንኳኳ፤ እማማ ነበሩ፤ «ልጄ፣ ገደልሃት መሰለኝ፤ እያለቀሰች ነው» አሉኝ። እውነትም ከተቈረጠበት ሁሉ እንደ እንባ የጠራ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ሥሯ ነቅቶ ውኃ ወደ ላይ መግፋት የጀመረ መሆኑን፣ ይህም የሞት ሳይሆን የመንቃት ምልክት መሆኑን ነገርኋቸው፤ አመኑኝ ግን አልልም።

ዐይኖቹ ፈነዱ፤ ሆኖም ለስምንት ዓመት በጥላ የኖሩ ስለ ነበሩ፣ ከሁሉም የተገኙት ዘለላዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ጀሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለች ቀዝቃዛ ስለሆነችም ፍሬው ዘገየ፤ የቃና ዘገሊላና የሚካኤል በዓል በአንድነት በሚውልበት በጥር 12 ቀን ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ፣ ዘለላዎቹ ገና አረንጓዴና ኮምጣጣ ነበሩ፤ በእኛ ደጅ ውኃው ገና ወይን አልሆነም ነበር። ሁለቱን ዘለላ የሰፈሩ ልጆች ሳይበስሉ ጨረሷቸው። ሦስተኛውን እማማ በነጠላ ቁራጭ ሸፍነው እስከ መጋቢት ጠብቀው፣ በሰፌድ ላይ አድርቀው፣ ከእፍኝ ያነሰች ዘቢብ አገኙ፤ ከገበያ ከገዙት ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻዋ ቋጥረው ለሚካኤል አገቧት።

ዘንድሮ ደግሞ መስቀል ሲደርስ፣ መቀሱን ልዋስ ብዬ ሳልሄድ እማማ ራሳቸው ይዘውት ከግንዱ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ልቆርጥ እጄን ስዘረጋ፣ ያዝ አደረጉኝና ወደ አንዲት ሐረግ እያመለከቱ፣ «ይህችን ተዋት፤ ይህች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አይታለች» አሉኝ።



(የመዝጊያ ዜማ፤ ዋሽንት)